ሰው ጠፈር ላይ ለምን ይሰፍራል? እንዴትስ አድርጎ? ከከተራ ማታ የተነሣ ጥያቄ

መምህር_ከመንዝ | ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ።

ከተራ ለታ ማታ ታቦቱ ካደረበት ሜዳ ነበርን። የመንዝን የጥር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን እሳት ከበናል። ጨረቃ ገና አልወጣችም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ወደ ምሥራቅ እያየች «ቲቸር፣ ያ ቀዩ ኮከብ ምንድን ነው?» አለችኝ። ማርስ ነው አልኳት። በየሁለት ዓመቱ ገደማ አንዴ ይቀርበናል። ዘንድሮ እጅግ የቀረበን ጥር 4 ነበር፤ ያኔም በመካከላችን 96 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ የሚነሣው ብርሃን እኛ ዘንድ እስኪደርስ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይወስድበታል።

ርቀቱ ብዙም አልደነቃትም። «ሰው እዚያ ሊሰፍር ነው ይባላል። ለምን? እዚህ ምን አጣና?» አለችኝ።

መልስ ሳዘጋጅ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት ቀደሙኝ። «ልጄ፣ እኔ ሁለት ቦታ አርሳለሁ። አንዱ እዚህ ደጋው ላይ ነው፣ አንዱ ታች ቆላው። ገብሱን ውርጭ ሲመታው ማሽላው ይተርፍልኛል። ማሽላውን አንበጣ ሲበላው ገብሱ አለ። እነዚያም እንደዚያ አስበው ይሆናላ!»

ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዛሬ ሜክሲኮ በምትባለው አገር፣ ቺክሹሉብ ላይ፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የሰማይ አለት ወድቆ ዳይኖሰሮችን ፈጅቷል። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ አለት ከመንገዱ ማስለወጥን አሁን ጀምሯል። መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ዳርት የተባለችው መንኮራኩር ዲሞርፎስ ከተባለች ትንሽ አለት ጋር ሆን ተብሎ ተላትማ አለቷ አንድ ትልቅ አለት የምትዞርበትን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ያህል አሳጥራለች። ስለዚህ ነገሩ ከአለት ማምለጥ ብቻ ቢሆን አገር ለቆ መሄድ አያስፈልግም፤ አለቱን መግፋት ይቀላል።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ሕይወት ያለበትን ቦታ እስከዛሬ የምናውቀው አንድ ብቻ ነው። ያለን ማሳ አንድ ነው። ሁለተኛ ማሳ ለመያዝ ደግሞ መብረሩ ሳይሆን አየሩን፣ ውኃውንና አፈሩን ሳያበላሹ አብሮ ማቆየቱ ነው ከባዱ። እዚህ መድረክ ላይ የአፈር ባለሙያም፣ ግንበኛም፣ ነርስም እንዳላችሁ አውቃለሁ። እያንዳንዳችሁ ከሙያችሁ ጻፉልኝ፤ ለልጅቷ አነብላታለሁ።

የጠባሴ_ልጅ | ጥር 13፣ ማታ 3፡15

መምህር፣ የልጅቷ ጥያቄ ትክክል ነው፤ የአባትየው መልስ ግን ለእኔ አልተዋጠልኝም። እሳቸው ሁለተኛውን ማሳ የሚያርሱት የመጀመሪያውን ሳይለቁ ነው።

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ከተማችን ዳር በሸራና በቆርቆሮ መጠለያ ዓመታት ያስቆጠሩ ተፈናቃዮች አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር የቻልነውን ይዘን እንሄዳለን። ባለፈው አንዲት እናት በተቀደደው ሸራ የሚገባውን ብርድ በማዳበሪያ ከረጢት ስትደፍን አገኘኋት። በጥርሷ ክር እየበጠሰች፣ ልጇን በጉልበቷ ይዛ ነበር የምትሰፋው። ይህን አይቼ ማርስ ላይ ቤት እንሥራ የሚል ወሬ ስሰማ ሆዴ ይቆጣል። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

ሰማይ_ተመልካች | ጥር 13፣ ማታ 4፡02

ወንድሜ የጠባሴ ልጅ፣ አልተሳሳትክም። ሁለቱ ግን አንዱ የሌላውን ጉሮሮ የሚዘጋ አይመስለኝም። እኛ ራሳችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሳተላይት ከቻይና ምድር አስወንጭፈናል። የተላከችው እርሻን፣ ውኃንና ደንን ከላይ ለማየት ነው። ሰማይ ላይ የዋለ ነገር ሁሉ መሬትን የተወ አይደለም።

ዋጋውም እየወረደ ነው። በጠፈር መንኮራኩሮቹ በሸትሎቹ ዘመን አንድ ኪሎ ዕቃ ወደ ቅርቡ ምሕዋር ማድረስ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። ፋልከን 9 የሚባለው ሮኬት ወደ 3 ሺህ አወረደው። በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የሮኬቱ የታችኛው ክፍል ተመልሶ በእግሩ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ያው አንዱ ደጋግሞ ይሠራል። አህያ ጭነት ባደረሰች ቁጥር የምትታረድ ብትሆን ኖሮ ማን ነጋዴ ይሆን ነበር? እስከዚያ ድረስ የነበረው እንደዚያ ነው።

አፈር_ለአፈር | ጥር 14፣ ጠዋት 1፡30

መምህር፣ ጥሪህን ሰምቻለሁ። ሙያዬ አፈር ነው፤ እንዲረዝም ፍቀድልኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ1991 አሪዞና፣ አሜሪካ ውስጥ ባዮስፌር 2 የተባለ 1.27 ሄክታር ስፋት ያለው የመስታወት ቤት ተሠርቶ 8 ሰዎች ገቡበትና በሩ ታሸገ። ዓላማው ለሁለት ዓመት ከውጭ አየርም ምግብም ሳያስገቡ መኖር ነበር። የእርሻ ቦታቸው አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። ከዚያች መሬት አብዛኛውን ምግባቸውን አመረቱ፤ ከሱ፣ ግን ኖሩ። ስንዴ፣ ስኳር ድንች፣ ሙዝ፣ ባቄላ ሁሉ ነበራቸው።

የከዳቸው አየሩ ነው። ኦክስጅኑ 20.9 በመቶ ነበር፤ በ16 ወር ውስጥ ወደ 14.2 በመቶ ወረደ። አቡዬ ሜዳ ተራራ አናት ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ የመቆፈር ያህል ነው። ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ ማታ ትንፋሽ እያጠራቸው ይነቁ ነበር። በ1993 መጀመሪያ ከውጭ ኦክስጅን ተነፋላቸው።

ምን በላው? አፈሩ! ሰብሉ ቶሎ እንዲደርስ ተብሎ ብስባሽ የበዛበት ለም አፈር ነበር የሞሉበት። በውስጡ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ብስባሹን ሲበሉ ኦክስጅን ይስባሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳሉ። ተክሎቹ ያንን ወስደው ኦክስጅኑን መመለስ ነበረባቸው። ግን የሕንፃው ኮንክሪት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እየመጠጠ ወደ ኖራ ድንጋይ ይለውጠው ነበር። ማንም ያላሰበው ግድግዳ ከሰዎቹ እየተሻማ ነበር ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እጨነቃለሁ። አፈር የሚተነፍስ ነገር እንደሆነ እኛ ባለሙያዎቹ እንኳ የምንረሳው አለ።

አሁን ወደ ማርስ። እዚያ ያለው የተፈጨ አለት ነው፤ ብስባሽም ሕይወትም የለውም። በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አገኘችበት። የእንቅርት ዕጢን ሥራ የሚያውክ ጨው ነው። ሁለት መላ አለው። በውኃ ይታጠባል። ሲቃጠል ደግሞ ይፈርስና ኦክስጅን ይለቃል።

ስለ ማቃጠሉ ከልጅነቴ ልንገራችሁ። አባቴ ጾሙን ያደረ ማሳ ሲያነሣ ጓሉን ከምሮ፣ መሐሉ ኩበት ከትቶ እሳት ይለኩስበት ነበር። ክምሩ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይጤሳል፤ ማሳው በሙሉ ጢስ የሚተፉ ትንንሽ ጎጆዎች ይመስላል። አፈሩ እንደ ሸክላ ይቀላል። የዚያ ዓመት ገብስ የተዋጣ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማሳው ይደክምና ብዙ ዓመት ጾሙን ያድራል፣ ምክንያቱም እሳቱ ብስባሹን በልቶታል። ማርስ ላይ አፈሩን አቃጥሎ መርዙን ማውጣት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ነፍስ መዝራቱ ነው ዓመታት የሚፈጀው። ፍግ፣ ቅጠል፣ የሰው ዓይነ ምድር፣ የምግብ ትራፊ፣ አንዱም አይጣልም።

በ2022 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአፖሎ ዘመን ጀምሮ በተቀመጠ የጨረቃ አፈር ላይ ትንሽ ተክል አብቅለዋል። በቅሏል፤ ግን ቀጭጮና ተጨንቆ ነው።

ግንበኛ_ከጣርማ_በር | ጥር 14፣ ቀን 7፡10

እኔ ስለ ቤቱ ልናገር። እዚህ ቤት ስንሠራ ጭንቀታችን ጣሪያው እንዳይወርድብን ነው። ማርስ ላይ ጭንቀቱ እንዳይፈነዳ ነው። የማርስ አየር ግፊት ከምድር አንድ በመቶ አይሞላም። ቤቱ ውስጥ የባሕር ወለልን አየር ከሞላህበት፣ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር ግድግዳ 10 ቶን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የደብረ ብርሃንን ያህል ከሆነ ወደ 7 ቶን ይወርዳል። ለደገኛ ሰው ቤት መሥራት ይረክሳል ማለት ነው፤ ስሌቱን ስሠራ ደስ ብሎኛል።

ከጨረር ለመዳን ሁለትና ሦስት ሜትር አፈር መጫን፣ አለዚያም ዋሻ መግባት ነው። ጃፓኖች በ2009 ካጉያ በተባለችው መንኮራኩራቸው አማካይነት ጨረቃ ላይ ወደ ቅልጥ አለት ዋሻ የሚያስገባ የሚመስል ጥልቅ ጉድጓድ አግኝተዋል። የሸዋ ሰው በክፉ ቀን ዋሻ መግባትን ያውቅበታል።

መብራቱስ? የጨረቃ ሌሊት 14 ቀን ይረዝማል። በ2019 ቻይኖች ቻንግ ኧ 4 በተባለችው መንኮራኩር የወሰዱት የጥጥ ዘር ጨረቃ ላይ በቀለ፤ ሌሊቱ ሲመጣ በብርድ ሞተ። ማርስ ላይ በ2018 የተነሣው የአቧራ ማዕበል እዚያ 14 ዓመት የሠራችውን ኦፖርቹኒቲ የተባለች ተሽከርካሪ ፀሐይ ከልክሎ አጠፋት። በፀሐይ ብቻ መተማመን አይቻልም፤ አነስተኛ የኒውክሌር ማመንጫ ያስፈልጋል።

ኦክስጅንን ከዚያው ከማርስ አየር ማውጣት እንደሚቻል ግን ተረጋግጧል። ፐርሲቪራንስ በተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ ላይ የተጫነው ሞክሲ የተባለ መሣሪያ እስከ 2023 ድረስ በ16 ሙከራ 122 ግራም አውጥቷል። አንድ ሰው በቀን 840 ግራም ያህል ይፈልጋል። የተመረተው በጠቅላላ ለአንድ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ጥቂት ቢሆንም መንገዱ ታይቷል።

ሲስተር_ከአንኮበር | ጥር 15፣ ማታ 1፡50

ሁላችሁም ስለ ቤቱ ጻፋችሁ፣ ስለሚኖርበት ሰው ግን አልጻፋችሁም።

ክብደት በሌለበት የሚኖር ሰው ከዳሌ አጥንቱ በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያህል ያጣል። ለዚህ ነው የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሠራተኞች በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ስፖርት የሚሠሩት። ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ የቆየው ሩሲያዊው ቫሌሪ ፖልያኮቭ ነው፤ 437 ቀን፣ ከ1994 እስከ 1995። የማርስ ስበት የምድርን 38 በመቶ፣ የጨረቃ ደግሞ አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። ያ ለአጥንት ይበቃል ወይ? ዓመታት ኖሮበት ያየ ሰው የለም። በማርስ ወለል ላይ የተለካው ጨረር ምድር ላይ በተፈጥሮ ከምናገኘው መቶ እጥፍ ገደማ ነው።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ወሊድ ነው። እስከዛሬ ከምድር ውጭ አንድም ልጅ አልተወለደም። ሰው ሄዶ ሠርቶ የሚመለስበት ካምፕ ነው፤ ሠፈር የሚባለው እናት የምትወልድበት ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ሌሊት በቃሬዛ ገደል ለገደል ተሸክመዋት መጡ። ደም እየፈሰሳት ነው። ከእኛ አቅም በላይ ስለነበር ሪፈር ጻፍኩ፤ አምቡላንሱ ደግሞ ዘገየ። እጄን ማህፀኗ ላይ ጭኜ እያሸሁ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ጠበቅን። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች። ማርስ ላይ ሪፈር የለም። መልእክት ለመድረስ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። መንገዱ ምቹ የሚሆነው በየ26 ወሩ ነው፤ ጉዞው ራሱ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይወስዳል።

ይህን ያልኩት አይሂዱ ለማለት አይደለም። የመጀመሪያው ቡድን ውስጥ አዋላጅ ይኑር ለማለት ነው።

ሰማይ_ተመልካች | ጥር 15፣ ማታ 3፡30

ሲስተር፣ እርስዎ ያሉት የስበት ጉዳይ ለእኔ ትልቁ ነጥብ ነው። ለዚህ ነበር ጄራርድ ኦኒል የተባለው የፕሪንስተን የፊዚክስ መምህር በ1970ዎቹ «ለምን ሌላ ፕላኔት ላይ እንሰፍራለን?» ብሎ የጠየቀው። ከጨረቃ ማዕድን አምጥቶ ጠፈር ላይ የሚሽከረከር ግዙፍ በርሜል መሥራትና ውስጡ መኖር ነበር ሐሳቡ። ሰብል ጠባቂ ልጅ ወንጭፍ ሲያሽከረክር ድንጋዩ ከወንጭፉ እቅፍ ላይ ተጣብቆ እንደሚቆይ፣ ሰውም በበርሜሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይቆማል። በደቂቃ ሁለት ጊዜ የሚዞር ከሆነ ራዲየሱ 224 ሜትር ያህል ሲሆን የምድርን ሙሉ ስበት ይሰጣል። ሕፃን አጥንቱ እንደኛ ሆኖ ያድግበታል። ለእናቶችና ለሕፃናት ሲባል ከማርስ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ግንበኛ_ከጣርማ_በር | ጥር 15፣ ማታ 3፡44

ብረቱን ማን ያመጣዋል? እኔ ዋሻዬን አልለቅም።

የጓሳ_ዳር_ሰው | ጥር 16፣ ቀን 9፡05

የኔ ጥያቄ፣ አየሩ የማን ነው?

ጓሳን ላላያችሁት፦ መንዝ ውስጥ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ የሣር ምድር ነው። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለበት። አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጋራ ጠብቀውታል። መንዝ ውስጥ ቄሮ የምንለው የጓሳው የጥበቃ ሥርዓት ነበር፤ ሹምም ነበረው። ሣሩ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ አንድ ነዶ አይታጨድም። ሲከፈት በአንድ ቀን ለሁሉም ይከፈታል። ቤታችን የሚከደነው፣ ገመዳችን የሚገመደው በዚያ ሣር ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ቆይቶ ኅብረተሰቡ ራሱ መልሶ ጥበቃውን አቆመው። ልጅ ሆኜ አያቴ በሩቁ ጢስ ያዩ እንደሆን ምሳቸውን ትተው በትራቸውን ያነሡ ነበር።

አሁን ማርስን አስቡ። እዚህ ውኃ ቢነፍጉኝ ወንዝ እወርዳለሁ። መሬት ቢነፍጉኝ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ። እዚያ አየሩን የሚያመርተው ማሽን የአንድ ባለሀብት ቢሆንና ሠራተኛው ደመወዝ ጨምሩልኝ ቢል፣ ምን ብለው ያስፈራሩታል? ይህ ለእኔ ከሮኬቱም ከአፈሩም ይቀድማል።

በፈረንጅ 1967 የተፈረመው የሕዋ ውል ማንም መንግሥት ጨረቃን ወይም ሌላ የሰማይ አካል የኔ ነው ማለት አይችልም ይላል። አሜሪካ በ2015፣ ሉክሰምበርግ በ2017 ባወጡት ሕግ ደግሞ ኩባንያ ከዚያ ቆፍሮ ያወጣው ማዕድን የራሱ ይሆናል። መሬቱ የማንም ያልሆነ፣ ምርቱ ግን የቀደመ የሚወስደው። እኛ ይህን አይተነዋል፤ ጠባቂ የሌለው ሣር ምን እንደሚሆን ጓሳ ነግሮናል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ መንኮራኩር ከመነሣቷ በፊት ሕጉ ይጻፍ፦ አየርና ውኃ የሁሉም ነው፣ በሩን የሚዘጋው ሹም በነዋሪው ይመረጣል፣ ይሻራል።

የጠባሴ_ልጅ | ጥር 16፣ ማታ 2፡20

የጓሳ ዳር ሰው፣ የጻፍከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለካ እኔም የምቆጣው በሮኬቱ ሳይሆን «ማን ይቀራል?» በሚለው ነው። መጠለያ ውስጥ ያለችዋ እናት ማርስ ላይ የምትሄድ ቢሆንም አየር የሚቆረጥባት እሷ ናት ብዬ ነው የፈራሁት። ከመሬት ይልቅ ሰማይ ይቅደም አልልም፤ ከዚያ አልወጣም። ነገር ግን ከሽንት የሚጠጣ ውኃ የሚመልሰው የጠፈር ጣቢያው መሣሪያ በ2023 ከእርጥበቱ 98 በመቶውን መልሶ ለመጠቀም ደርሷል የሚል አንብቤአለሁ። የሚያውቅ ሰው ካለ፣ የዚያ ዓይነት ማጣሪያ ለመጠለያ የሚሆነው በስንት ይሠራል? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

አፈር_ለአፈር | ጥር 17፣ ጠዋት 2፡00

በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ለመጠለያ ያን ያህል የረቀቀ አያስፈልግም፤ በአሸዋ፣ በከሰልና በፀሐይ የሚሠራ አብረን እናያለን። ቅዳሜ ስትሄዱ እኔም እመጣለሁ።

መምህር_ከመንዝ | የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ 2፡10

የዘገየሁት በምክንያት ነው። የጻፋችሁትን ሁሉ ክፍል ውስጥ አነበብኩላቸው። የባዮስፌሩ ነገር ልጅቷን አላስተኛትም። «ቲቸር፣ እውነት አፈር አየር ይበላል? እንየው» አለች።

ሁለት ባለ 20 ሊትር የውኃ ጃር አገኘን። አንዱን ፍግ በደንብ በተቀላቀለበት አፈር ግማሽ ድረስ ሞሉት። ሁለተኛው ውስጥ አራት ጣት የሚሆን ከሜዳ የመጣ ስስ አፈር አደረጉ። በሁለቱም ገብስ ዘርተው፣ ውኃ አርከፍክፈው፣ አፉን በላስቲክና በሰም አሽገው መስኮት ዳር አስቀመጡ። በሦስተኛው ቀን የጃሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ጠል አቆረ። ጠብታው እየተንሸራተተ ተመልሶ አፈሩ ላይ ሲወርድ «ዝናብ ነው!» ብለው ተጯጯኹ። በሳምንቱ ገብሱ በሁለቱም በቀለ።

በሦስት ሳምንቱ ሰሙን ቀስ ብለን ከፍተን፣ ሽቦ ጫፍ ላይ የታሰረ ጧፍ እያበራን አወረድን። ፍግ በሞላው ጃር ጧፉ ገና ከአንገቱ ሳያልፍ ጠፋ። ደግመን አበራን፣ ደግሞ ጠፋ። በሁለተኛው ጃር ግን እየነደደ እስከ አፈሩ ድረስ ወረደ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ለሙ ነው የገደለን?» አለ። አፈር ለአፈር፣ ያን ጥያቄ ብትሰማው ብዬ ተመኘሁ።

ልጅቷ ሁለተኛውን ጃር መልሳ አሸገችውና «እስከ ፋሲካ አይከፈትም» ብላ በከሰል ጻፈችበት። ከዚያ ማን ይጠብቀው የሚለው ክርክር አስነሣ፤ የጓሳውን ታሪክ አንብቤላቸው ስለነበር በእኔ እጅ እንዲሆን አልፈቀዱም። ጃሩን መስታወት በር ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ከመስኮቱ አንጻር አድርገው ሁለት ቁልፍ አበጁለት። በየሳምንቱ ሁለት ተማሪ ይመረጣል፤ አንዱ ብቻውን መክፈት አይችልም። የዚህ ሳምንት ተመራጮች ከኋላ የተቀመጠው ልጅና አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከደወሉ በፊት መጥተው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ገብሱ ሁለተኛ ቅጠል አውጥቷል።